ፎሌት፣ ሉኪሚያ እና የክፍል ውጤት፦ የሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ከሥነ ምግብና ከትምህርት ጥናት ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ

አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በልጅነት ዕድሜ ከሚከሠቱት የካንሰር ዓይነቶች መካከል እጅግ የተለመደው ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ገደብ እየተባዙ ጤናማውን የደም ምርት ቦታ ያሳጡታል፤ ሕፃኑ ይገረጣል፣ በትንሹ ይደማል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትም ይመላለስበታል። እስከ 1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ በሽታው የያዘው ሕፃን በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ዛሬ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 ሕሙማን ሕፃናት 9ኙ ገደማ ይድናሉ።

ይህ ታሪክ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ዘወትር የሚነገረው እንደ መድኃኒት ግኝት ታሪክ ነው። ሆኖም ጉዳዩን በቅርብ የመረመረ ሰው መነሻው የምግብ ጥናት፣ ውጤቱም ከፊሉ የትምህርት ጉዳይ መሆኑን ይረዳል። ሦስቱን የሚያያይዛቸውም በአብዛኛው አንድ ቫይታሚን ነው፤ ይኸውም ፎሌት። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕክምና ፋኩልቲው መድኃኒቱን፣ የሥነ ምግብ ክፍሉ አመጋገቡን፣ የትምህርት ኮሌጁ ደግሞ የተማሪውን ውጤት ለየብቻ ያጠናሉ፤ ሦስቱም የሚያጠኑት ግን አንዱን ሕፃን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክፍፍሉ ምን እንደሚያሳጣን ከታወቁ የምርምር ውጤቶች በመነሣት ማስረዳት ነው።

ከምግብ ጥናት የተገኘ መድኃኒት

እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በ1928 እ.ኤ.አ. ወደ ሕንድ፣ ቦምቤይ ከተማ ተጉዘው በእርጉዝ ሴቶች ላይ የሚታየውን ብርቱ የደም ማነስ ማጥናት ጀመሩ። በሽታው በተለይ አመጋገባቸው ጎስቋላ በሆነ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ይበዛ ነበር። ዊልስ መንሥኤው ተላላፊ ሕዋስ ሳይሆን የአንድ ምግብ ነክ ነገር ጉድለት መሆኑን አሳዩ፤ ማርማይት የተባለው ርካሽ የእርሾ ጭማቂም ሴቶቹን እንደሚፈውስ በ1931 አስታወቁ። ንጥረ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ስም አልነበረውም። በ1941 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 ቶን የስፒናች ቅጠል አንጥረው ሲያወጡት፣ ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል በመነሣት ፎሊክ አሲድ አሉት።

ፎሌት በሰውነት ውስጥ ያለው ዋነኛ ተግባር ሕዋሳት በሚከፈሉበት ጊዜ ለአዲስ ዲኤንኤ የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህም ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሕዋሳት፣ ማለትም የመቅኔ፣ የአንጀት ሽፋንና የጽንስ ሕዋሳት፣ ከሌሎቹ አብልጠው ይሹታል። የሉኪሚያ ሕዋስም ከእነዚህ አንዱ ነው።

በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሥነ ደዌ ሐኪም የነበሩት ሲድኒ ፋርበር የፎሊክ አሲድ ዝርያዎችን ለካንሰር ሕሙማን በሰጡ ጊዜ፣ በሉኪሚያ የተያዙት ሕፃናት መቅኔ ውስጥ በሽታው የተፋጠነ መስሎ ታያቸው። ቫይታሚኑ በሽታውን የሚመግበው ከሆነ፣ ቫይታሚኑን መንሳት በሽታውን ሊያዳክም ይችላል የሚል መላ ምት ተከተለ። በሕንድ ተወልደው በአሜሪካው ሌደርሊ ቤተ ሙከራ ይመሩ የነበሩት የሥነ ሕይወታዊ ኬሚስትሪ ሊቅ የላፕራጋዳ ሱባራው እና ባልደረቦቻቸው ፎሌትን የሚመስል፣ ግን የፎሌትን ሥራ የሚያሰናክል አሚኖፕቴሪን የተባለ ውሕድ ሠርተው ነበር። ፋርበር በሰኔ 1948 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ ይህን መድኃኒት ከወሰዱ 16 ሕፃናት መካከል በ10ሩ ላይ በሽታው ለጊዜው መርገቡን አመለከቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያገረሽ ነበር፤ ቢሆንም ሉኪሚያ በመድኃኒት ሊገፋ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የአሚኖፕቴሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜቶትሬክሴት ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ አያንስም። ጆን ኪድ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1953 የጊኒ ፒግ ደም ሴረም በአይጦች ላይ ያለውን የሊምፍ ዕጢ እንደሚያከስም አስተዋሉ። በሴረሙ ውስጥ ያለው ኢንዛይም አስፓራጂኔዝ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ኢንዛይሙ አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከደም ውስጥ ያጠፋል። ጤናማ ሕዋሳት ይህን አሚኖ አሲድ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሉኪሚያ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው አይችሉምና በደም ከሚመጣላቸው ውጭ መኖር ይሳናቸዋል። እንግዲህ የሉኪሚያ ሕክምና ትልቁ ክፍል መርዝ ከመስጠት ይልቅ መርጦ የማስራብ ሥራ ነው ብንል ብዙ አልራቅንም። በዚሁ ምክንያት፣ በሌላ ጊዜ ጥሩ የሚባለው የፎሌት እንክብል በዚህ ሕክምና ወቅት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነገር አይደለም። ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቶትሬክሴት ከተሰጠ በኋላ ጤናማ ሕዋሳትን ለማትረፍ ሉኮቮሪን የተባለው የፎሌት ዓይነት ይሰጣል፤ እርሱም በሰዓት ተቆጥሮ ነው፤ ቢዘገይ ሰውነትን ይጎዳል፣ ቢፈጥን ወይም ቢበዛ ካንሰሩን ያድናል።

የተጎዳ ሰውነት መድኃኒቱን እንዴት ይሸከመዋል?

ሰውነትን መርጦ የሚያስርብ ሕክምና አስቀድሞ በተራበ ሰውነት ላይ ሲውል ምን ይሆናል? ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የሕክምና መርሐ ግብሮች በአብዛኛው የተፈተኑት በደንብ በበሉ የአሜሪካና የአውሮፓ ሕፃናት ላይ ነው። በኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ካንሰር ደግሞ ከዚህ መካከል መርጦ አይዝም።

የምግብ እጥረት መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ይለውጣል። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ሲቀንስ፣ ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቁ መድኃኒቶች ነጻ ሆነው የሚዞሩት መጠን ይጨምራል፤ ጉበትና ኩላሊት መድኃኒት የማስወገድ ኃይላቸው ይደክማል። በማላዊ የኩላሊት ካንሰር በያዛቸውና የምግብ እጥረት በጎዳቸው ሕፃናት ላይ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ከሰውነታቸው የሚወገድበት ፍጥነት የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት በወረቀት ላይ አንድ የሆነው መጠን በሰውነት ውስጥ አንድ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ሐኪሙ ይህን ፈርቶ መጠኑን ቢቀንስ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ይሰፋል። ሙሉ መጠን ቢሰጥ ደግሞ ሕፃኑ በመድኃኒቱ ጠንቅ፣ በተለይም በአፍና በአንጀት ቁስለትና ከዚያ በሚነሣ የደም ኢንፌክሽን፣ ሊሞት ይችላል። በዚህ ጣጣ መካከል የቆመ ሐኪም የሚመራበት በቂ ማስረጃ የለም፤ መርሐ ግብሩን የፈተኑት ሰዎች እንዲህ ያለውን ሕፃን ብዙም አላዩትምና።

የመጠን ስሌቱም ራሱ ሊጤን ይገባል። አብዛኛው መድኃኒት የሚሰላው በሰውነት ቆዳ ስፋት፣ ማለትም ከቁመትና ከክብደት ተቀምሮ ነው። የቀነጨረ የ9 ዓመት ልጅ የ6 ዓመት ልጅ የሚወስደውን ያህል ይወስዳል፤ የአካሉ ክፍሎች ብስለት ግን የ6 ዓመት ልጅ አይደለም። ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚገባው ሜቶትሬክሴት ደግሞ በተቃራኒው በዕድሜ ይሰላል፤ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው የፈሳሽ መጠን በ3 ዓመት ዕድሜ ገደማ ወደ አዋቂ ሰው መጠን ይቃረባልና። የልደት ምዝገባ ገና ባልተስፋፋበት አገር፣ እናት ዕድሜውን በክረምት ቆጥራ የምትናገርለት የ2 ወይም የ3 ዓመት ሕፃን መጠኑ እንዴት ይወሰናል የሚለው ጥያቄ፣ ለሌላው የማይታይ ትንሽ ነገር ቢመስልም በተግባር የሚያጋጥም ነው።

የምግብ ይዞታውን መለካትም ቀላል አይደለም። ትልቅ ዕጢ ያለበት ወይም ጉበቱና ጣፊያው ያበጠ ሕፃን ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ ደህና መስሎ ይታያል፤ ከክብደቱ ከፊሉ ግን በሽታው ነው። ስለዚህ በካንሰር ሕሙማን ዘንድ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት ከክብደት ይልቅ ይታመናል። መሣሪያው በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚለኩበት፣ ከ11 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ከባድ የምግብ እጥረትን የሚያመለክተው ባለ ቀለም ጥብጣብ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የሚገኙ የሕፃናት ካንሰር ማዕከላት የክንድ ልኬትንና የደም አልቡሚንን ጨምረው ባካሄዱትና በ2012 በታተመው ጥናት፣ ከተመረመሩት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት በምርመራው ቀን የምግብ ይዞታቸው የተጎዳ ሆኖ ተገኝቷል። እጅግ የተጎዱት ሕክምናቸውን የማቋረጥና በሽታው የማገርሸት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። ሕክምና ማቋረጥ ከምግብ ይዞታ ጋር መያያዙ ልብ ሊባል ይገባል፤ የሕፃኑ ክንድ የቀጠነበት ቤት ለትራንስፖርትም ገንዘብ የሌለው ቤት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲነገር መፍትሔው አብዝቶ ማብላት ብቻ እንዳይመስል፣ ሌላውን ጫፍም መጥቀስ ያሻል። በሕክምናው ውስጥ የሚሰጡት እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ረኀብን ይቀሰቅሳሉ፤ ስብን ያከማቻሉ፣ ጡንቻን ያሳሳሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው ትልልቅ ልጆች የሕክምና ውጤታቸው ያነሰ መሆኑ በአሜሪካ ተደጋግሞ ታይቷል። በ2021 በታተመ አንድ ጥናት ከ10 እስከ 21 ዓመት የሆናቸው 40 ሕሙማን በመጀመሪያው ወር የሕክምና ጊዜ የካሎሪ መጠናቸውን ቀንሰው የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተደርጎ፣ ቀደም ሲል ከታከሙ ተመሳሳይ ሕሙማን ጋር ሲነጻጸሩ በመቅኔያቸው የተረፈ ካንሰር የመገኘቱ ዕድል አንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ በዕጣ የተመደበ አነጻጻሪ ቡድን አልነበረውምና የመጨረሻ ቃል አይደለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከዚህ ጥናት የሚወሰደው ቁም ነገር ምግብ ለሐኪሙ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ መጠን፣ ጊዜና ዓይነት ያለው ነገር መሆኑ ነው። ፕላምፒነት ለከሳው የ3 ዓመት ሕፃን የሚያድን ሊሆን ይችላል፤ ለ14 ዓመቱ ወፍራም ታዳጊ ግን አይደለም።

ጨረሩና ጥቁር ሰሌዳው

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቶቹ በሽታውን ከደምና ከመቅኔ ቢያጸዱትም፣ በብዙ ሕፃናት ላይ በሽታው በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ሽፋን በኩል ተመልሶ ይመጣ ነበር። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከደም ወደ አንጎል የሚያሳልፈውን መከላከያ ማለፍ ስለማይችሉ፣ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት እዚያ ተሸሽገው ይቆዩ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በሜምፊስ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል፣ ዶክተር ዶናልድ ፒንከል በሽታው ከመታየቱ በፊት ለጭንቅላት 24 ግሬይ ጨረር እየሰጡ፣ ሜቶትሬክሴትንም በወገብ በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ እያስገቡ ማከም ጀመሩ። በ1960ዎቹ ማብቂያ በዚህ ዘዴ የታከሙ ሕፃናት ግማሽ ገደማ ዳኑ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

የተፈወሱት ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ችግሩ የታየውም እዚያ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች፣ በተለይም በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው የሜዶውስና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ የጭንቅላት ጨረር የወሰዱ ሕፃናት የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤታቸው እንደሚያሽቆለቁል አመለከቱ። ጉዳቱ በለጋ ዕድሜ በታከሙት ላይ ይብስ ነበር። ልጆቹ ቶሎ ያስባሉ ከሚባሉት ዘግይተው ያስባሉ ወደሚባሉት ተዛወሩ፤ ትኩረታቸው ይበተናል፣ ከአንድ መስመር በላይ ያለውን የሒሳብ ስሌት በአእምሯቸው ይዘው መጓዝ ይቸግራቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል መያዝ ይኖርበታል። ውጤታቸው ከዓመት ዓመት ሲወርድ የተማሩትን የሚረሱ ይመስላል፤ ጨረር በወሰዱ የአንጎል ዕጢ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። ልጁ ዕውቀት መጨመሩን አላቆመም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ከእኩዮቹ ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ በየዓመቱ ይሰፋል። ለመምህሩ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የረሳ ተማሪ ክለሳ ያስፈልገዋል፤ አዝጋሚ የሆነ ተማሪ ግን ተጨማሪ ጊዜ፣ አጠር ያለ የቤት ሥራና ከፊት ወንበር መቀመጥ ያሻዋል።

ይህ ማስረጃ ሕክምናውን ለወጠው። የጨረሩ መጠን በመጀመሪያ ወደ 18 ግሬይ ተቀነሰ፤ ቀጥሎም ለብዙዎቹ ሕሙማን ቀረ። ይኸው የሜምፊስ ሆስፒታል ከ2000 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት 498 ሕፃናትን ያለ ምንም የመከላከያ ጭንቅላት ጨረር አክሞ፣ ከ5 ዓመት በኋላ 93 ነጥብ 5 በመቶው በሕይወት መኖራቸውን በ2009 አስታወቀ። ሕክምናው ለአንጎል ከጨረር ይልቅ ገር ሆኖ ሳለ ፈውሱ አላነሰም። ተመራማሪዎች የሚለኩት የ5 ዓመት በሕይወት መኖርን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጨረሩን የሚያስቀር ምክንያት ባልተገኘ ነበር፤ የፈውሱ ቁጥር ሲታይ ጨረሩ ፍጹም ድል ነበርና። ጉዳቱን የገለጠው መሣሪያ የክፍል ውጤት ነው።

ይሁንና ጨረሩ ሲቀር ፎሌት እንደ ገና ወደ መድረኩ ተመለሰ። በጨረር ምትክ የበዛው ሜቶትሬክሴት የፎሌትን ሥራ የሚያግደው በካንሰሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አንጎልም የነርቭ ሽፋኑን ለመገንባትና ለመጠገን ፎሌት ይሻል። ጨረር ሳይወስዱ የታከሙ ልጆች አጠቃላይ የአእምሮ መለኪያቸው ብዙ ባይወርድም፣ የትኩረትና የአእምሮ ፍጥነት ድካም በብዙዎቹ ላይ ይታያል። ቪንክሪስቲን በበኩሉ የእጅና የእግር ነርቮችን ስለሚጎዳ ልጁ እርሳስ ለመያዝና ፊደል ለመቅረጽ ሊቸገር ይችላል፤ የፊደላችንን ዝርዝር ቅርጽ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። መምህሩ በመጥፎ የእጅ ጽሑፍ ነጥብ ሲቀንስ፣ የሚቀንሰው ለመድኃኒቱ ጠንቅ ነው። በዚህ ላይ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ስለሚወስድ፣ ነጭ የደም ሕዋሳቱ በቀነሱ ቁጥር ልጁ ከሰው ብዛት እንዲርቅ ስለሚታዘዝ፣ ከክፍል የሚቀርባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት በልዩ ልዩ ካንሰር ታክመው በተረፉ ሰዎች ላይ በ2003 የታተመ ጥናት፣ 23 በመቶው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የወሰዱ መሆናቸውን፣ በእኅትና ወንድሞቻቸው ዘንድ ግን ቁጥሩ 8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል።

የወላጅ ትምህርትና የሕክምና መቋረጥ

እስካሁን ትምህርት የተወሳው የሕክምናው ውጤት የሚታይበት ሥፍራ ሆኖ ነው። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን በሌላው በር፣ በወላጅ ትምህርት በኩል፣ ከሕክምናው በፊት ይገባል። በኤል ሳልቫዶር የካንሰር ሕክምና ለሕፃናት በነጻ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ሕክምናውን ካቋረጡት ጋር የተያያዙት ነገሮች የቤተሰቡ ገቢ ማነስ፣ የቤተሰቡ አባላት መብዛትና የወላጆች ትምህርት ዝቅተኛነት መሆናቸውን አመልክቷል። መድኃኒቱ በነጻ መሆኑ ብቻውን አልበቃም።

ይህ ለምን ይሆናል? የሉኪሚያ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሻለዋል፤ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ይጫወታል። ሕክምናው ግን ገና አልተጋመሰም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ወራት መርካፕቶፒዩሪን የተባለውን እንክብል በየቀኑ በቤት ይወስዳል፤ መጠኑ እንደ ደም ምርመራው ውጤት ከፍ ዝቅ ስለሚል እንክብሉ ይገመሳል፣ አንዳንዴም ቀናት ይዘለላሉ። ለጤናማ መሳይ ልጅ ለዓመታት መድኃኒት መስጠት፣ የሚያስጠላውንም መዋጥ ማስገደድ፣ ምክንያቱ በሚገባ ላልተነገረው ወላጅ ግፍ ሊመስል ይችላል። የንባብ ችሎታ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም፤ የተማረ ወላጅ በበዛበት በአሜሪካም ቢሆን ከታዘዘው እንክብል ከ95 በመቶ በታች የወሰዱ ልጆች በሽታው የማገርሸት ዕድላቸው መጨመሩ ታይቷል። ከዚህ ጋር የሚጠቀስ ሌላ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ይህ እንክብል ከወተት ጋር እንዳይወሰድ ቤተሰቦች ይመከሩ ነበር፤ በወተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም መድኃኒቱን ያፈርሰዋል በሚል። በ2017 የታተመ ጥናት ግን ከምግብ ወይም ከወተት ጋር መውሰዱ በሽታውን እንደማያገረሸው አመለከተ። ያስጨነቃቸው ትእዛዝ አስፈላጊ እንዳልነበረ የማያውቁ ስንት እናቶች ልጃቸውን ወተት ነሥተው እንዳሳደሩ ማሰብ ይቻላል።

የማቋረጥ ችግር የማይፈታ አለመሆኑን በብራዚል የሬሲፌ ከተማ ልምድ ያሳያል። በዚያ የነበረው መርሐ ግብር ሕፃናቱ የሚያርፉበትን ቤት፣ የትራንስፖርትና የምግብ ድጎማን፣ የቤተሰብ ትምህርትንና የሠለጠኑ ነርሶችን ከተሻሻለው ሕክምና ጋር አያይዞ አቀረበ። በ2004 በታተመው ዘገባ መሠረት ከ1980ዎቹ እስከ 2002 ባለው ጊዜ ውስጥ ሕክምና የሚያቋርጡት ከ16 በመቶ ወደ 0 ነጥብ 5 በመቶ ወረዱ፤ ያለ ማገርሸትና ያለ ሞት 5 ዓመት የዘለቁት ደግሞ ከ32 በመቶ ወደ 63 በመቶ ከፍ አሉ። የስታትስቲክስ ባለሙያ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ስለተሰጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም ብሎ ይነቅፋል፤ ነቀፋውም ትክክል ነው። ዳሩ ግን ድህነት፣ የምግብ እጥረትና የወላጅ ትምህርት ማነስ በአንድ ቤት የሚኖሩ በመሆናቸው፣ አንዱን ብቻ ለይቶ የሚለካ ጥናት የሦስቱን ውጤት ለአንዱ ሊሰጥ ይችላል። በተለያዩ የትምህርት ክፍሎች የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ሁሉ በዚህ ወጥመድ ሊያዙ ይችላሉ።

በአገራችን ምን ሊጠና ይችላል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የሕፃናት ካንሰር ንቅናቄ፣ በ2030 በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ ተጥሏል። ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ከተመረጡት ስድስት ካንሰሮች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ሕሙማን ሕፃናት የሚሰባሰቡት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ሕክምናው ይሰጣል። የሚድኑት ቁጥር በጨመረ መጠን ወደ ክፍል የሚመለሱት ይበዛሉ፤ እነርሱን የሚለካ መሣሪያ ግን ገና አልተበጀም።

በውጭ የሚሠራባቸው የአእምሮ መለኪያዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ተናጋሪ ሕፃናት ላይ መጠናቸው ያልተወሰነ ስለሆነ፣ የሚሰጡት ቁጥር ለንጽጽር አይመችም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ የሚሻል፣ አስቀድሞም በእጃችን ያለ ሰነድ አለ፤ እርሱም መምህሩ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚሞላው ሮስተር ነው። በሮስተሩ ላይ በየትምህርቱ የተገኘው ውጤት፣ የክፍል ደረጃውና የቀረበት ቀን ብዛት ሰፍረዋል። ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት፣ በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ያለው የሮስተር መዝገብ ከክንዱ ልኬትና ከወሰደው የሜቶትሬክሴት ጠቅላላ መጠን ጋር ቢያያዝ፣ ሦስቱ የትምህርት ክፍሎች ለየብቻ የማይደርሱበትን ነገር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ በምርመራው ቀን የምግብ እጥረት የነበረበት ሕፃን ከተረፈ በኋላ በሒሳብ የሚያዘግመው ከእኩል ታካሚዎቹ ይበልጥ ነውን? ፎሌት ያነሰው አንጎል ፎሌትን የሚያግድ መድኃኒት ሲገባበት ጉዳቱ ይደራረባልን? ጥያቄዎቹ ከሥነ ሕይወት አንጻር ሊነሡ የሚገባቸው ናቸው፤ መልሱ ደግሞ የምግብ እጥረት ከሌለበት አገር ሊመጣ አይችልም።

የሮስተሩ ድክመት ደረጃው በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሌሎች ተማሪዎች ብቃት ጋር መውጣትና መውረዱ ነው፤ የ70 ተማሪ ክፍልና የ40 ተማሪ ክፍል አንድ አይደሉም፤ መምህራንም ለታመመ ልጅ በርኅራኄ ነጥብ ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ አነጻጻሪ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳደረገው እኅትና ወንድምን መጠቀም በመጀመሪያ ዕይታ ጥሩ ይመስላል፤ ቤቱና የወላጅ ትምህርቱ አንድ ናቸውና። ዳሩ ግን እናት ከታመመው ልጅ ጋር ለወራት አዲስ አበባ ስትቀመጥ፣ በገጠር የቀረችው የ11 ዓመት ታላቅ እኅት ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ብዙ ጊዜም ከትምህርት ትቀራለች። ሁለቱ እኩል ከወደቁ የጥናቱ ሠንጠረዥ በመካከላቸው ምንም ልዩነት እንዳልተገኘ ይናገራል። ስለዚህ አጥኚው ሁለት አነጻጻሪዎች ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ የቤቱ ልጅ፣ ሁለተኛው ከዚያው ክፍል የተመረጠ፣ ቤቱ በካንሰር ያልተነካ እኩያ። በመጀመሪያው የመድኃኒቱን ጠንቅ፣ በሁለተኛው የሕመሙን ጠቅላላ ዋጋ ይለካል፤ በእኅቲቱና በእኩያዋ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እስካሁን በየትኛውም የካንሰር መዝገብ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ቁጥር ነው።